ሳይፈታ የተመረመረው ጥቅል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከማኩረፉ በቀር ጤናዬ ሙሉ ነው። ጣሪያው አሁን የሚያፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ባልዲውም ቦታውን ለምዷል። ፀሐይ በዚህ ሰዓት እስከ አልጋዬ እግር ድረስ እንደምትገባ እዚህ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አላውቅም ነበር። ያየሁት ትናንት ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቆሰለውን ጎሽ ከእርሻው አጠገብ እንድታስወግዱ ታዛችሁ፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ላይ ሆነህ በጠመንጃህ መነጽር አነጣጥረህ፣ ጥይቱ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ መሄዱን ጽፈሃል። ጎሹ ዞሮ መጥቶ ባልደረባህን ጭኑ ላይ እንደወጋው፣ እሱም እስካሁን በክራንች እንደሚሄድ። ከሁሉ የከበደኝ ግን መጨረሻ ላይ የጻፍከው ነው፤ "ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ ማመን ጀምሬያለሁ" ያልከው። አንተ በልጅነትህ በድንጋይ ያለምከውን ስተህ አታውቅም፤ የጎረቤታችንን መስኮት ጨምሮ።

"እታለም፣ አንቺ እዚያ ነው የምትሠሪው፤ በእርግጥ የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎን ከልክ በላይ አጥብቄው ይሆን?" ብለህ፣ መነጽሩን መልሰህ ስትልክ ከፋብሪካችን የደረሰህን መልስ ቅጂ ልከህልኛል። ሐሙስ ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ እነሱም በእጃቸው የሚይዙት ይህንኑ ወረቀት ነው። ከአራዊት ጥበቃው ሥራ የሚያሰናብቱህም ሆነ የሚያቆዩህ በእሱ ነው።

አላጠበቅህም። እንዴት እንዳወቅሁ ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ እኔም አለሁበትና።

እኛ ክፍል የሚመጣው ያለቀለት መነጽር ነው። ጠመንጃ ላይ ታስሮ የሚደርስበትን የተኩስ ርግጫ ይችል እንደሆነ በመምቻ መሣሪያ እየመታን እናያለን። በውስጡ ያለችው መስቀለኛ ክር ግድግዳው ላይ ካለው ነጥብ ካልተነቃነቀች ማኅተማችንን እናሳርፋለን። የእኔ ቁጥር አስራ ሰባት ነው። ድሮ የምንመታው ሃያ ጊዜ ነበር። ትእዛዙ ሲበዛ "ቶሎ በሉ" ወደ ሦስት አወረደው። "ቶሎ በሉ" የምንለው አለቃችንን ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የደመወዝ ቀን ብቻ ነው የምናየው። በዚያው ሰሞን የክሯን ቀለበት የሚይዘው ሙጫ ሃያ አራት ሰዓት መድረቁ ቀርቶ መብራት ሥር ስድስት ሰዓት ተቀምጦ እንዲወጣ ተደረገ።

አንድ ቀን፣ የዛሬ ዓመት ከስድስት ወር ገደማ፣ ሙጫ የምትቀባዋ ጓደኛዬ ስለ አማቷ እያወራችኝ ቆጠራው ጠፋኝ። ሳላስበው አስራ አንድ ጊዜ መታሁ። ብመለከት መስቀሏ ከነጥቡ ወርዳ ጥግ ይዛለች። ሌላ አንስቼ አስራ አንድ መታሁ፤ እሷም ወረደች። ከሞከርኳቸው አምስት አራቱ ወረዱ። ይዤ ወደ ቶሎ በሉ ሄድኩ።

"አስራ አንድ ጊዜ ምቺ ያለሽ ማነው?" አለኝ።

"ማንም። ተሳስቼ ነው።"

"እንግዲያው ስህተቱ የአንቺ ነው፤ የመነጽሩ አይደለም። ሦስት ተብሏል፣ ሦስት።"

ተመልሼ ሦስት መታሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ብቻ እየመታሁ ማኅተሜን ሳሳርፍ ኖርኩ።

ሁለተኛው ነገር ደብዳቤው ነው። መነጽር እየተመለሰ ሲመጣ መልስ የሚጽፍ ጠፋ። እኔ የመስታወት መጠቅለያ ወረቀቶችን እያነበብኩ ፊደል እንደ ለቀምኩ፣ የተረፈ ወረቀትም ጀርባው ላይ እንደምጽፍ ቶሎ በሉ ያውቃል። "እጅሽም ቃልሽም ጥሩ ነው፤ አንዲት ለሁሉ የምትሆን ደብዳቤ አዘጋጂልን" አለኝ። አዘጋጀሁ። ቁጥርና ስም ብቻ እየተሞላበት የሚላክ ነው። አንተ የላክህልኝን ቅጂ ስከፍት ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ፦ "ጉድለቱ የተፈጠረው ተጠቃሚው ብሎኖቹን ከልክ በላይ በማጥበቁ መሆኑን ምርመራችን አረጋግጧል።" ዓረፍተ ነገሯን አወቅኋት። "አረጋግጧል" ትሁን ወይስ "ያመለክታል" ብዬ አንድ ምሳ ሰዓት ሙሉ አስቤባታለሁ። "አረጋግጧል" ጠንከር ትላለች ብዬ ነበር የመረጥኳት።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ወረድኩ። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ከአቧራ በቀር ጠያቂ የላቸውም፤ ደብዳቤህ ላይ ያለውን ቁጥር ሳነብላቸው ደስ ብሏቸው መሰላል አመጡ። ጥቅሉ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ገና ሳላወርደው አወቅሁት። አባታችን ጭነት ሲያስር ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙሮ ጫፉን ወደ ውስጥ የሚሸሽገውን ቋጠሮ ነው ያሰርክበት። የእናንተ ከተማ ፖስታ ቤት ቀይ ሰምም እላዩ ላይ እንደታተመ ነው። አልተሰነጠቀም።

"መርምረን አረጋግጠናል" ያልነው ይህን ነው።

ከነአቧራው የቶሎ በሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌውም መዝገባቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

"ምንድነው ይሄ?"

"የመረመርነው መነጽር ነው። ጥቅሉ አልተፈታም።"

ገመዱን አገላብጦ አየ። "ፈትተው መልሰው አስረውት ይሆናል።"

"ይህን ቋጠሮ የሚያስሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ላኪው ነው።"

"ሦስተኛውስ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አለቀ!" ብሎ ሳቀ። "ፈትተሽ መልሰሽ ያሰርሽው አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ለመናገር ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ገመድ ተመልሶ ይታሰራል። ሰሙን ግን ማን መልሶ ያትመዋል? ማኅተሙ ያለው ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው።"

ቶሎ በሉ ወንበር ሳበልኝ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ስለሆነ ነገሩ መክበዱ ገባኝ። አልተቀመጥኩም። መቀስ አምጥቼ ገመዱን ከቋጠሮው ራቅ አድርጌ ቆረጥኩና መነጽሩን አወጣሁ። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ቱቦው ላይ የጥርስ ምልክት ይተዋል። የአንተ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ወዝወዝ ሳደርገው ቀለበቷ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ባቄላ ተንኳኳች። ሥሩ ላይ አስራ ሰባት ቁጥር አለ። የታተመበትን ቀን ሽማግሌው አነበቡት፦ አስራ አንድ ከመታሁበት ቀን አራት ወር በኋላ ነው። እንዳልሰማሁ መሆን ስለማልችል እጽፍልሃለሁ፤ አውቄ ነው ያተምኩት።

"ወንድምሽ ነው አይደል?" አለ ቶሎ በሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሺ፣ ለእሱ ሌላ ደብዳቤ እንጽፋለን። 'ምክንያቱ አልታወቀም' እንላለን። አንቺም ገመዱን እዚህ ትተዪዋለሽ።"

"ምክንያቱ ታውቋል እኮ።"

"ለወንድምሽ ብዬ ነው።"

"ያቺ ደብዳቤ ለሌሎች አርባ አንድ ሰዎችም ሄዳለች። ለእነሱስ?"

የሳበልኝን ወንበር መልሶ ገፋው። "አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ስትዪ እንዴት ጥሩ ነበርሽ።"

ሳልጠይቅህ እምቢ ብያለሁ፤ ይቅር በለኝ። "አልታወቀም" ማለት ለኮሚቴው ጥፋቱ የአንተም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ አንተም ለራስህ እንደዚያው ታነበዋለህ።

ከዚህ ጋር ሁለት ወረቀት አድርጌልሃለሁ። አንደኛው ጥቅሉ ሳይፈታ መገኘቱን፣ መነጽሩ በምን ሁኔታ እንዳለና መዝገብ ቤት መቀመጡን ይመሰክራል፤ ሽማግሌው ፈርመውበታል። "እኔ ጡረታዬ ደርሷል፤ የሚቀንሱብኝ አቧራ ነው" አሉ። ሁለተኛው ስለ ሦስቱ ምትና ስለ ሙጫው ሰዓት ነው። ሙጫ ቀቢዋ ጓደኛዬ መጀመሪያ "ኧረ ተይኝ፣ ልጆች አሉብኝ!" ብላ ሮጠች። ማታ ቤቴ መጥታ ቆማ ፈረመችና "አማቴ እንዳትሰማ" ብላኝ ወጣች። ከሷ በታች እኔ ፈርሜያለሁ። ማኅተሟ አጠገቤ ስለሌለች ቁጥሩን በእጄ ነው የጻፍኩት።

ለባልደረባህ ምን እንደምለው አላወቅሁም። ሰላም በልልኝ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ቁጥር አስራ ሰባት ማን እንደሆነ ንገረው። ሌላውን እሱ ይበለኝ።

ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ በፋብሪካው አድራሻ አትላክ፤ በቤቴ ይሁን። ጋዋኔን አጥቤ ተኩሼ አጥፌዋለሁ፤ ጨርቁ ጠንካራ ስለሆነ ከጀርባው ሁለት የትራስ ልብስ ይወጣዋል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላት ዓይን ትፈልጋለች፤ ዓይኔ ደህና ነው። ስለዚህ ስለ እኔ ሐሳብ አይግባህ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአርባ አንዱ መጻፍ እጀምራለሁ። ሽማግሌው አድራሻቸውን በተረፈ ወረቀት ጀርባ ገልብጠው ሰጥተውኛል። ይህኛውን ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ለየብቻው እጽፈዋለሁ።

ያለምክበት ይድረስልህ፤ ክፉ አይይህ። የባልደረባህንም እግር ፈጣሪ ያቁምለት። ሐሙስ ሳምንት ስትቀርብ ሸሚዝህን ተኩሰህ ልበስ፤ ሲጠይቁህም ቀስ ብለህ መልስ፤ ስትቸኩል ጥፋተኛ ትመስላለህ።

ቋጠሮውን ከነሰሙ በጥጥ ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ኮሚቴው አይቶት እስኪመልስልህ ድረስ እንዳትነካው። ከዚያ በኋላ ፍታው። ጫፉ ከውስጥ በግራ በኩል ነው፤ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ ታገኘዋለህ።

እህትህ