የሚዘለው ረድፍ

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣ ለአቶ ሃርካጂት ሊምቡ፤

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ሲመሽ የሚያንቅዎት ሳል ከዝንጅብሉና ከማሩ በኋላ ለቀቅ አደረገዎት? እማዬስ እንዴት ናት፣ አሁንም ማገዶውን እኔው ካልተሸከምኩ ትላለች? ጎሿ ወለደች ወይ? የወንድሜ ልጆች በዚህ ብርድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይስ ምድጃ ሥር ተኮራምተው ይውላሉ? እዚህ ዳራን ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይገለጥም፤ እዚህ እንዲህ ከሆነ እናንተ ዘንድ ተራራው ላይ ጥርስ እንደሚያንቀጫቅጭ አላጣሁትም። እኔ በአምላካችን በእማ ዩማ ቸርነት ደህና ነኝ። ሰሞኑን የጎደለኝ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ እሱንም የወሰደብኝ ደስታ ስለሆነ አልከሰስኩትም።

ይህን የምታነብልዎ ምራትዎ ፓቢትራ እንደሆነች አውቃለሁ። ፓቢትራዬ፣ አደራሽን፣ አንድም መስመር እንዳትዘይ። አባባ መስማት ያልፈለጉት ነገር ሲመጣ ፍየሉ ማሳ ገባ፣ ዶሮዋ ጠፋች እያሉ መነሳታቸው አይቀርምና የዳጉሳ ጠላቸውን ቶንግባውን ከፊታቸው አስቀምጪና ያዢልኝ።

እሷ በስልክ የነገረችኝን ልደብቅዎ አልችልም። ሻዩን ከብርጭቆው ጎን እየቀዱ ነው አሉ። የጎረቤትን ፍየል በእኛ ፍየል ስም ጠርተው፣ አልመጣ ስትልዎ ሰደቧት አሉ። ይህን ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ፣ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ አለቀስኩ። የዓይን ሐኪሞቹ ሲመጡ አልሄድም ካሉ ሁለተኛዎ ነው። ምክንያትዎንም አውቀዋለሁ፤ የላይኛው መንደር ማይላ አጎት ድሮ ታክሞ ሲመለስ የታመመውን ዓይን ትተው ደህናውን ነኩብኝ ማለቱ ነው። እኔ የቶንግባ ወሬ ነው ስል፣ እርስዎ ዓይን ሁለት ብቻ ነው፣ ለስህተት የሚተርፍ የለኝም ሲሉ፣ ስንት ጊዜ ተጣላን። ዛሬ ግን ልከራከርዎ አልጻፍኩም። በሥራዬ ላይ የሆነውን ነገር ልነግርዎ ነው፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከእርስዎ ደጅ ይደርሳል።

ምን እየሠራሽ ነው ሲሉኝ ሰንጠረዥ ብልዎ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሰንጠረዥ፣ እሱማ በማስመሪያ ይሰመር የለ ወይ ብለው ስቀውብኝ ነበር። የኔ ሰንጠረዥ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር፣ ሰው እላዩ ላይ የሚጽፍበትና የሚያርምበት ነው። ያዘዘን የዓይን ሆስፒታሉ ነው። ሐኪሞቹ ወደ ተራራ ወጥተው የዓይን ሞራ ሲያነሱ የታማሚውን ስም፣ መንደሩን፣ ዕድሜውን፣ ተራውንና የሚሠራለትን ዓይን የሚመዘግቡበት ነው። ተራራ ላይ ኢንተርኔት ስለማይታመን ሁሉም ነገር እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ማደር አለበት።

የቀድሞው ፕሮግራም ሰንጠረዡን ያሳያል እንጂ አያስነካም ነበር። አንዲት ፊደል ለማረም ሌላ መስኮት ከፍቶ፣ ሁሉን እንደ አዲስ ሞልቶ፣ አስቀምጦ፣ ዘግቶ መመለስ ነው። የነርሶቹ ኃላፊ እትዬ ኩሱም ቢሮአችን መጥታ ምርር ብላ ነገረችን። «ልጄ፣ ወጡ ላይ ጨው ለመጨመር ጎረቤት ሄጄ መመለስ አለብኝ እንዴ? ቃሉ ላይ ጣቴን ላድርግና እዚያው ላርመው።»

ስትለው ቀላል መሰለኝ። ለካ ጉድ ያለው ከሥር ነው። ቃሉ ሲነካ በላዩ ትንሽ የመጻፊያ ሳጥን ትከፈታለች። ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር የድሮው ቃል እንዳልነበረ ሆኖ መጥፋት የለበትም፣ ከሥር ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ደህና፣ እሱን ሠራሁት። ነርሷ እየጻፈች ሳለ አንዲት አሮጊት ቀሚሷን ብትጎትታትና ሳትጨርስ ሌላ ቦታ ብትነካስ? ያ የጀመረችው ጽሑፍ ይቀመጥ ወይስ ይጣል? የሥራ ባልደረባዬ ሱጃን፣ የባክታፑሩ ልጅ፣ ማጽደቂያውን ቁልፍ ካልተጫነች ይጣል አለ። እኔ ይቀመጥ አልኩ። ከቢሮአችን ሥር ያለው የሞሞ ምግብ ቤት ባለቤት ደንበኞቼን አባረራችሁ ብሎ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እስኪደበድብ ድረስ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የፈረደችው እትዬ ኩሱም ናት። እኔ የጻፍኩትን እኔ ሳላዝ የሚጥለው ማነው ብላ ሱጃንን አፉን አስያዘችው። እኔ ደስ ብሎኝ ፈገግ ስል ደግሞ ወደኔ ዞረችና፣ አንቺም አትሳቂ፣ ተሳስቼ ብጽፍስ የሚመክረኝ የታለ አለችኝ። ስለዚህ አሁን ዕድሜ ላይ ሰባት መቶ አሥር ብትጽፍ ሳጥኗ ትቀላና አልቀበልም ትላለች። ይቺን እምቢተኝነት ከማን እንደወረሰች እርስዎ ያውቃሉ።

ከዚያ የሙከራው ቀን መጣ። ባለፈው ዓመት የታከሙ ሰዎችን ስም ለልምምድ ይዘን፣ እትዬ ኩሱም ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብላ እያነበበች አንዲት ወጣት ነርስ ትጽፍ ጀመር። እኔ ከኋላ ቆሜ እንደ ሙሽራ እናት እጄን አሻሻለሁ። ሁሉም ነገር እንደ ውሃ ይፈሳል። ሰንጠረዡ ሰዎቹን በተራቸው ይደረድራል፤ ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ኮርቼበትም ነበር።

እንግዲህ የእኛን ሰው ያውቁታል። የወረቀት ስም ቢኖረውም ባይኖረውም ስምህ ማነው ሲባል በኩሩ ጄታ፣ ሁለተኛው ማይላ ብሎ የትውልድ ተራውን ይናገራል። የመጀመሪያ ሴት ልጅ የሆነች ሁሉ ጄቲ ናት። ጄቲ ሊምቡ፣ ጄቲ ሊምቡ፣ አሁንም ጄቲ ሊምቡ፤ ዝርዝሩ በጄቲ ተሞልቷል። እትዬ ኩሱም አንዷን ጄቲ፣ የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ናት፣ ከሩቅ ስለመጣች ተራዋን ወደ ፊት አምጪላት አለች። ነርሷ ቁጥሩን ቀየረች። ረድፉም ታዛዥ ነውና ወዲያው ዘሎ ወደ ላይ ወጣ። «ግራ ዓይን» አለች እትዬ ኩሱም። ነርሷ ዓይኗን ከቁልፎቹ ሳታነሳ ግራ ብላ ጻፈች። ቀና ስትል ያየችው ስም ጄቲ ሊምቡ ነው፣ የተጻፈው ግራ ነው፤ ምን ያስጠረጥራታል? ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

እኔ ግን ረድፉ ሲዘል ዓይኔ ተከትሎት ነበር። ባልቴቷ ከላይ ተቀምጣለች፤ የዓይኗ ሳጥን ባዶ ነው። ግራ የተባለችው በለቀቀችው ቦታ የገባችው ሌላዋ ጄቲ ናት፣ የሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ የሚሠራላትም ቀኝ ዓይኗ ነበር። አባባ፣ ማይላ አጎት ፊቴ ድቅን አለ። እሱ ላይ የሆነው ይህ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተርም አልነበረም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሳይሰክር፣ ማንም ክፉ ሳይሆን፣ እየተሳሳቅን ጠራራ ፀሐይ ላይ ሊሆን እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። እርስዎ ልክ ነበሩ።

አቁሙ አልኳቸው። የሆነውን አሳየኋቸው፤ ልምምድ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም እንጂ ነርሷ ፊቷ ነጣ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፣ የኔ ነው። የመጻፊያዋን ሳጥን ያሰርኳት ከሴትዮዋ ጋር ሳይሆን ከቦታዋ ጋር ነበር። ወንበር ቁጥር ብቻ እንደሚያውቅ የአውቶቡስ ረዳት ማለት ነው፤ ተሳፋሪዋ ተነስታ ሌላዋ ብትቀመጥ ትኬቱን ለተቀመጠችው ይቆርጣል። ሱጃን እንግዲያው መደርደሩን እናውጣው አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ተራ ያልያዘ ዝርዝር ይዞ መቶ ሰው ፊት የምትቆመው እትዬ ኩሱም እንጂ እሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በምን ቃል ልንገርዎ? እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ለእያንዳንዱ ሰው ከእሱ የማይለይ የራሱ መለያ ሰጠሁት፤ ሳጥኗ አሁን የታሰረችው ከሰውየው ጋር ነው፣ የትም ቢሄድ አብራው ትሄዳለች። ደግሞም ሰው እጁ ረድፉ ላይ እስካለ ድረስ ረድፉ ንቅንቅ አይልም። ተራው ቢቀየርም ይታገሳል፤ ጽፈው ጨርሰው ወደ ሌላ ሰው ሲያልፉ ብቻ ወደ አዲሱ ቦታው ይሄዳል። ከስሙ አጠገብ የአባትና የመንደር ስም ሁልጊዜ ይታያል፣ ጄቲ ከጄቲ እንድትለይ። የዓይን ሳጥን ባዶ ከሆነች ቢጫ ትሆናለች፤ አንዲት ቢጫ እንኳ ካለች ዝርዝሩ ተዘግቶ ለሐኪሙ አይተላለፍም። እትዬ ኩሱም የጨመረችው ደግሞ ይሄ ነው፤ ሐኪሙ መርምሮ ከነገረው በኋላ ታማሚው የሚሠራለትን ዓይን በገዛ ጣቱ ያሳያል፣ ነርሷ እያየችው ትጽፋለች፣ የጻፈችውንም መልሳ ታነብለታለች።

በማግስቱ እትዬ ኩሱም ልታፈርሰው ቆርጣ መጣች። ተራ ትቀያይራለች፣ መሃል ላይ ትተዋለች፣ እንደ እብድ እዚህም እዚያም ትነካካለች። ረድፎቹ ጭምት ሆነው ቦታቸውን ጠበቁ። በስተመጨረሻ እጇን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለችና፣ ይሄስ ሰው ሆኗል አለች። ሱጃን ከታች በእንፋሎት የበሰለ አንድ ትሪ ሙሉ ሞሞ አስመጣ። እኔ ሲበዛ ስለምዘል የሞሞ ቤቱ ባለቤት እንደገና ጣሪያውን ደበደበ፤ በኋላ ነገሩን ሲሰማ ግን እናቱ በዚህ ዓመት እንደምትታከም ነግሮን ተጨማሪ ሾርባ ላከልን።

አሁን ዋናው ዜና። ፓቢትራ፣ ያዢልኝ። ሐኪሞቹ በመጪው ወር፣ በፋልጉን ሦስት፣ ከተማችን ማያንግሉንግ ይገባሉ፤ የሚሠሩት እዚያው ተማሪ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ነው። የኔም ሰንጠረዥ አብሮ ይመጣል። እኔም አብሬው እመጣለሁ፤ ከነርሷ ጎን ቁጭ ብዬ ረድፎቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

አስቀድመው የተመዘገቡትን ስናስገባ የእርስዎንም ስም ጻፍኩት። ሃርካጂት ሊምቡ፣ የራንባሃዱር ልጅ፣ ከታችኛው መንደር። ጄታ ብዬ አልጻፍኩም፣ ከማንም እንዳይምታቱ። የዓይን ሳጥንዎን ግን ባዶ ተውኳት። እትዬ ኩሱም አይታ ጠራችኝና፣ ይሄ አልዘጋም ያለኝ ሰው ማነው አለች። አባቴ ናቸው፣ ይምጡ አይምጡ ገና አላወቅሁም አልኳት። ካልታወቀ ሰርዢዋ አለችኝ። መሰረዣውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ፊቴን ስታይ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «በይ እንግዲያው ትቆይ። ግን ልጄ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ በፊት ወይ ትሞያታለሽ ወይ ትሰርዣታለሽ።»

አባባ፣ እርስዎን እፈራለሁና በግድ ይምጡ አልልም። ዓይኑ የእርስዎ ነው። ብቻ ይህን ይወቁልኝ፤ የፈሩትን ነገር አይቼዋለሁ፣ በሩንም በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ። ያቺን ሳጥን እኔ እንኳ ልሞላት አልችልም፤ የሠራኋት በእርስዎ ጣት ብቻ እንድትሞላ አድርጌ ነው። እምቢ ካሉም መጥተው ፊት ለፊቴ እምቢ ይበሉኝና እኔው እሰርዛታለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላታለሁ፤ የላከችልኝ የደረቀ ጎመን፣ ጉንድሩኩ፣ አልቋል፣ ሱጃን ነው የበላው። ወንድሜን የሄሉን ማድረቂያ ክዳን ከበረዶው በፊት ይጠግን በሉልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጡልኝ፣ ለሁለቱም እርሳስ ይዤ እመጣለሁ። ፓቢትራዬ፣ ጉሮሮሽ እስኪደርቅ ስላነበብሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለማይላ አጎትም ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አንብቢለት። የጎረቤትን ፍየል እንኳ ይቅርታ ጠይቁልኝ።

ለእርስዎ ግን አባባ በወረቀት ሰላምታ አልልክም። በፋልጉን ሦስት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ግራ ነው ቀኝ ብዬ ስጠይቅዎ እሰጥዎታለሁ።

ልጅዎ ሱንኬሳ
ዳራን፣ በአገራችን አቆጣጠር ማግ 19 ቀን 2074