ያ ካርድ ሞቶ አልመጣም

ለወንድም ዓለሜ ለጂንሃይ፣

እንዴት ሰነበትክ? እዚያ ዳልያን ከተማ ከወዲሁ በርዷል ይላሉ፤ ያ ከዓሣ ማቀዝቀዣው ሥራ ያተረፍከው የወገብ ሕመምስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ዩንሹ ደህና ናት? ትንሿ ሱዪንስ መዋዕለ ሕፃናቱን ለመደችው? እኛ ደህና ነን። አባባም ያው ናቸው፤ ጣፋጭ ትቻለሁ ይላሉ፣ ዞር ስል ግን የጨረቃ በዓሉን ኬክ ይጨርሱታል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው። ደግሞም አውቅሃለሁ፤ ገና አፌን ስከፍት «ተይው እቴ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለህ ትዘጋብኛለህ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የመመረቂያህ የካርቱን ፊልም ሊታይ ሦስት ቀን ሲቀረው የኮምፒውተርህ ግራፊክስ ካርድ፣ ያ ምስሉን የሚያወጣው ሰሌዳ፣ እምቢ ብሎህ ወደ ጥገና ሱቃችን አመጣኸው። አባባ ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ነበር። እኔም «እስቲ ወዲህ በለው፣ በአንድ ሰዓት አስነሣልሃለሁ» ብዬ ጎረርኩ።

አንተ ሥዕሉን እንጂ የውስጡን ጣጣ ስለማትወድ ላስረዳህ። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ኃይል አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ዋናው ቺፕ ግን የሚችለው አንድ ቮልት ግድም ብቻ ነው። በመካከል የተደረደሩት ትናንሽ ትራንዚስተሮች በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ኃይሉን ቆንጥረው ይሰጡታል። አጠገባቸው ያሉት የመዳብ ጥቅልና ካፓሲተር ደግሞ የተቆነጠረውን አንድ ወጥ ያደርጉታል። ታዲያ አንዱ ትራንዚስተር ተበላሽቶ እንደተከፈተ ከቀረ፣ አሥራ ሁለቱም ቮልት እንዳለ ቺፑ ላይ ይወርዳል።

ያንተ ካርድ ላይ የሞተው አንድ ትራንዚስተር ብቻ ነበር። ቺፑ ደህና ነበር፣ በእጄ ለክቼዋለሁ። ከአሮጌ ቦርድ ላይ ሌላ ትራንዚስተር ነቅዬ በየድኩበት። አባባ ሁልጊዜ «የተነቀለ ዕቃ ሳትለኪ አትበይጂ፤ ከበየድሽም መጀመሪያ አንድ ቮልት አቅምሺው» ይሉኝ ነበር። ቸኮልኩ፣ አልለካሁም። የነቀልኩት ለካ እሱም የተበላሸ ኖሯል። ማብሪያውን ስጫን ጧ አለ፤ ቺፑ ተቃጠለ፣ በቃ።

አንተ ሻይ ልታመጣልኝ ወርደህ ነበር። ስትመለስ ዓይን ዓይንህን እያየሁ «ሞቶ ነው የመጣው፤ ቀንና ሌሊት ሳታሳርፈው አቃጠልከው» አልኩህ። አባባም እኔን አምነው በዚያ ሁሉ ጎረቤት ባለሱቅ ፊት «አንተ የነካኸው ነገር መቼ በርክቶ ያውቃል!» እያሉ ሲያዋርዱህ ጭጭ አልኩ። ፊልሙ ሳይደርስ ቀረ። አንተም ሥዕሉን እርግፍ አድርገህ ወደ ሰሜን ሄድክ።

ባለፈው ሳምንት አባባ የመዳብ ጥቅል ፍለጋ የአሮጌ ዕቃ ሣጥን ሲበረብሩ ያ ካርድ ወጣ። አጉሊ መነጽሩ ሥር አድርገው ብዙ አዩት። እዚህ የጥገና ሱቆች ፎቅ ላይ የእያንዳንዳችን ብየዳ እንደ እጅ ጽሕፈት ይታወቃል። «ይሄ ብየዳ ያንቺ ነው» አሉኝ፤ ትራንዚስተሩንም ለኩት። ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም፤ ምነው በተቆጡኝ! ምሳቸውን ሳይነኩ ተነሥተው፣ ያኔ ሲሰድቡህ የሰሙትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየዞሩ «ልጄን በሐሰት ነው ያዋረድኩት» አሏቸው። ቻርጀር የሚሸጡት አሮጊት ወይዘሮ ማኦ «ስድስት ዓመት ሙሉ! ምነው ልጄ?» ቢሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ልጅህ ሳልልኝ ስትልህ «እኔ አልችልም» ብለህ እንደምትመልሳት ዩንሹ አጫውታኛለች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ትችላለህ፣ ወንድሜ። የነጠቅኩህ እኔ ነኝ። ብትፈልግ ስደበኝ፣ ብትፈልግ መልስ አትጻፍልኝ፤ ይገባኛል።

አባባ ሰላም ብለውሃል። ሊደውሉልህ ቁጥርህን ይነኩና መልሰው ያጠፉታል፤ አንተ ቀድመህ ደውልላቸው እንዳልልህ አፍ የለኝም። ዩንሹን «ሰላም ብላሻለች» በላት። ለሱዪን ደግሞ «አክስትሽ ውሸታም ናት፣ አባትሽ ግን ሠዓሊ ነው» ብለህ ንገርልኝ።

እህትህ ሩይፋንግ
ሼንዘን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2023