የከድር እናት

ከድሬ ወንድሜ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የኮልፌ ጭቃ እንደምታውቀው ነው። አልጋህ ላይ የምተኛው አሁን እኔ ነኝ፤ እግሬ ጫፉን መንካት ጀምሯል። ልነግርህ የፈለግኩት ግን ስለ እማ ነው። ጎረቤቱ «የከድር እናት» ማለቱን ትቷል፤ እንዳናስለቅሳት ብለው ነው። መጀመሪያ ስም ሳይጠሩ ያናግሯት ነበር፤ ቆይተው «የሙባረክ እናት» ብለው በእኔ አደረጉት። እማ ትሰማለች፣ ግን ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ቆይታ ነው የምትዞረው።

ሰሞኑን የእንግሊዝኛ መምህራችን የአንድ እንስሳ የእንግሊዝኛ ስም ከየት እንደመጣ አጥንታችሁ ለክፍሉ አስረዱ አሉን። ሌላው በአንበሳና በዝሆን ሲሻማ እኔ ጥርኝ ያዝኩ። ጅማ አጎታችን ጋ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጥርኙ በእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ሲንቆራጠጥ፣ አንተ አፍንጫህን በሹራብህ ይዘህ «ይሄ ነው ሽቶ የሚሆነው? ፈረንጅ አብዷል!» ስትል አጎታችን እስኪያስላቸው ሳቁ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስጠይቅህ «እኔ እንጃ፣ ራሱን ጠይቀው» አልክና ወደ ፍርግርጉ ገፋኸኝ። አውቶቡሱ አየር ጤና እስኪደርስ «ጠየቅከው?» እያልክ አደረቅከኝ።

አሁን አገኘሁልህ። ሲቬት ይባላል። ቃሉ በጣሊያንና በፈረንሳይ አፍ ዞሮ ነው እንግሊዝ የገባው፤ መነሻው ዐረብኛ ነው፣ እኛም ዝባድ የምንለው፣ ከጥርኙ የሚወጣው የሽቶ ቅባት። ነጋዴ ባሕር ያሻገረው ዝባዱን ነበር፤ እንስሳውንም ከእሱ በወጣው ነገር ጠሩት። ይህን ሳስረዳ አንዱ ከኋላ «ታዲያ የራሱ ስም የለውም እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እማን አሰብኩ። የራሷን ስም ሰፈር ውስጥ ማን ያውቀዋል? አንተን ከወለደች ጀምሮ በአንተ ነው የተጠራችው።

ትናንት እትዬ ዘይነብ በራችን ላይ ቆመው «የሙባረክ እናት!» ብለው ተጣሩ። እማ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። በሩን ከፈትኩላቸውና ወደ ውስጥ ዞሬ፣ ጮክ ብዬ፣ «የከድር እናት! እትዬ ዘይነብ ይጠሩሻል» አልኩ። እትዬ ዘይነብ ደንግጠው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። እኔም ፈርቼ ነበር።

«አቤት!» አለች እማ። ወዲያው ነው ያለችው፣ እንደ ድሮው። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ አላለቀሰችም።

አላህ ይዘንልህ ወንድሜ። እኔ እያለሁ እማ በስምህ ትጠራለች።

ሙባረክ