ሆቴሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ

ጃምቢያኒ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ለማታውቂኝ ጣውንቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እናት አባትሽስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ይህን ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ። ሞታለች ተብሎ የተነገረሽ የመካሜ ሚስት እኔ ነኝ። በዚህ ወር ሃያ ዓመት ደፈንን። የምንኖረው ከተማ ውስጥ ንጋምቦ ሰፈር ነው፤ ታቱ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለችን።

ስምሽን አንብቤዋለሁ፣ ግን እዚህ አልጽፈውም። ደብዳቤው ሌላ እጅ ቢገባ የሚያፍረው ያልበደለ ሰው እንዲሆን አልፈልግም። ስለ እኔ ታውቂ እንደነበር ወይም እንዳልነበር እርግጠኛ አይደለሁም። አታውቅም ብዬ ነው የምጽፈው። ታውቂ ከነበረ ከዚህ በኋላ ያለውን አታንብቢ፤ ቅደጂው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የደሴታችንን የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና አጎበር ስሰፋ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሁሉንም በሠራተኞች በር ገብቼ አውቃቸዋለሁ፣ አንዱም ውስጥ ግን አድሬ አላውቅም። ባለፈው ወር መካሜ እራቱን በልቶ እጁን እየታጠበ፣ «ለሃያኛ ዓመታችን ሁለት ሌሊት ጥሩ ሆቴል ልውሰድሽ። አንቺው ምረጪ፤ ከአንቺ በላይ የሚያውቃቸው የለም» አለኝ። ታቱ ሩዙ ትን አላት። «አባዬ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለችው። ሦስታችንም ሳቅን።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መረጥኩ። ታቱ በስልኳ ፎቶዎቹን ታሳየኛለች፣ እኔ ፎቶው የማያሳየውን እነግራታለሁ። ይኸኛው ክፍሉ ያምራል፣ መጋረጃው ግን ስስ ነው፤ ከውጭ የሚያልፍ ሁሉ ያይሻል። ያኛው ገንዳው ሰፊ ነው፣ አልጋው ግን ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቷል። የዚህኛው አንሶላ ሦስት ዓመት ሲታጠብ የኖረ ነው፤ ጠርዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እኔ የምፈልገው ጥቂት ነበር። አልጋው ወደ ባሕር የዞረ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ፣ የባሕር ዳርቻው ሰው የማይበዛበት። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰው እያየኝ ውሃ ውስጥ መግባት ትቻለሁ።

መጀመሪያ የመረጥኩት ኑንግዊ ያለውን ነበር። እዚያ ባሕሩ እንደሌላው ቦታ ጎድሎ ከዳርቻው አይሸሽም። መካሜ ግን «ኧረ እዚያማ ጭፈራው ነው፣ አያስተኛሽም። ለአንቺ ዕረፍት አይሆንም» አለ። ደስ አለኝ። «አየሽ፣ ለእንቅልፌ ያስባል» አልኳት ታቱን። እሷም «እማዬ፣ አንቺ እኮ የልብስ ስፌት መኪናሽ ላይ ተደፍተሽ የምትተኚ ሰው ነሽ፤ የምን ጭፈራ ነው የሚቀሰቅስሽ?» አለችኝ። ቀጥዬ ኬንድዋን አነሳሁ፤ ያው ነው አለ። ማቴምዌን አነሳሁ፤ መንገዱ ወገብሽን ይጎዳዋል አለ። ሰሜኑ እንዲህ እንዲህ እያለ ካለቀ በኋላ እዚህ ደቡብ፣ ጃምቢያኒ ደረስኩ። «ማሻአላህ፣ ይኼ ነው ሆቴል!» አለ። የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። እሱ አስወጥቶ አስወጥቶ ያስቀረልኝን ነው ያነሳሁት።

ስደውል የሆቴሉ ሰዎች የኒካህ ወረቀት አምጡ አሉኝ። እንደምታውቂው ፈረንጅ ማንንም ይዞ ቢመጣ አይጠየቅም፤ የአገሩ ሰው ግን ከሚስቱ ጋር ሊያድር ሲመጣ ሚስቱ መሆኗን ያሳያል። ለመካሜ ነገርኩት። ወረቀቶቹን የሚያስቀምጠው እሱ ብቻ በሚከፍተው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። «አትጨነቂ፣ እይዛለሁ» አለኝ። እኔ አዲስ ቀሚስ ሰፋሁ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤቴ እጄንና እግሬን ሂና ስትቀባኝ የሰፈሩ ሴቶች በር ላይ ቆመው «ሙሽሪት! ለሙሽራው እዘኑለት እንጂ፣ ሽማግሌ ሆኗል!» እያሉ ሲስቁብኝ አመሹ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። እንዴት ሆኜ እንደመጣሁ እንድታውቂው ነው።

ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደረስን። እንግዳ መቀበያው ላይ ግሎሪ የምትባል፣ ከዋናው ምድር የመጣች ትሑት ልጅ ነበረች። የቀዘቀዘ የኮኮናት ውሃ ሰጠችን። መካሜ መነጽሩን ቤት ረስቶ ነበር። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሳይከፍተው ሰጣት። አነበበችው፣ የእኔን መታወቂያ አየች፣ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ በቤት የሚጠሩበት ሌላ ስም አለዎት?» አለችኝ። «ልጄ፣ እናቴ ያወጣችልኝ ይኼው አንድ ስም ነው» አልኳትና ሳቅሁ። ተሳስታ ነው ያነበበችው ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኳት።

ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። የሙሽራው ስም፣ የመካሜ። የሙሽሪት ስም፣ የአንቺ። ኒካሁ የታሰረበት ቦታ፣ ኑንግዊ። ቀኑ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ሸዕባን አሥራ አንድ። የሙሽራው ሁኔታ በሚለው ቦታ፣ ሚስቱ የሞተችበት።

መካሜ መጀመሪያ «የወንድሜ ወረቀት ነው» አለ። ወንድም የለውም፤ አራት እህቶች ናቸው ያሉት። ቀጥሎ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ክፍል ገብተን እንነጋገር» አለኝ። ልጅቷ አቀርቅራ «ይቅርታ አባባ፣ በዚህ ወረቀት ከእሳቸው ጋር ላስገባዎት አልችልም» አለችው። እውነቷን ነበር። እኔ ብቻዬን መግባት እችል እንደሆነ ጠየቅኋት። «ለአንድ ሰው ወረቀት አይጠየቅም» አለችኝ። እሱ በሚኒባስ ተመለሰ። እኔ ገባሁ። አልጋው በትክክል ወደ ባሕሩ ዞሯል።

ይህን ሁሉ በእርጋታ እንደምጽፍ አውቃለሁ። የተረጋጋሁ ግን እንዳይመስልሽ። ሁለተኛ ሚስት ማግባቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር፤ ስድብ የሞላው ደብዳቤም ይደርስሽ ነበር። እኛ ዘንድ ያልተደረገ ነገር አይደለምና ውሎ አድሮም እለምደው ነበር ይሆናል። ሳምንቱን ስቆጥረው ከረቡዕ እስከ ዓርብ ማለዳ ፔምባ ደሴት ለሥራ ነኝ የሚለኝ የአንቺ ተራ ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቁን እየቋጠርኩ ልኬልሻለሁ። የጋገርኩትን የኮኮናት ቂጣ እዚያው መንደርሽ ቁጭ ብላችሁ በልታችሁት ይሆናል።

ያቃተኝ ቀኑ ነው። ሸዕባን አሥር እኔ ዳሬሰላም ሆስፒታል ነበርኩ፤ የግራ ጡቴን የቆረጡልኝ የዚያን ዕለት ነው። በማግስቱ ስነቃ መካሜን ጠየቅሁ። ደውሎ «ባሕሩ ተናውጧል፣ ጀልባ የለም» አለኝ። ስልኩን የያዘችልኝ እህቴ ነበረች። እህቴ በዚያው ዕለት ጠዋት ከደሴቱ በጀልባ ተሻግራ ነበር አጠገቤ የደረሰችው። ሁለታችንም ይህን አላስተዋልንም። መርፌው ነበር፣ ሕመሙ ነበር፣ ደግሞም ማን እንዲህ ያለ ነገር ያስባል? ሐኪሙ ለእሱ ከቀዶ ጥገናው በፊት ምን እንደነገረው አላውቅም። እኔን ግን ትድኛለሽ ብሎኝ ነበር።

ምናልባት ሞታለች ያለው አባትሽ ልጃቸውን በሚስት ላይ የማይሰጡ ሰው ሆነው ይሆናል። ከሆኑም አልፈርድባቸውም።

ሰኞ ቃዲው ዘንድ ሄጄ ይፍታኝ እላለሁ። ታቱ ገና አልሰማችም፤ ማታ በስልክ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ስትለኝ ደስ ይላል አልኳት። ለቃዲው የማሳየው የወረቀቱን ቅጂ ነው፣ ግሎሪ አንስታልኛለች። ዋናውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የአንቺ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ የትም ሆቴል አያስገቡሽም። ደብዳቤውን በእጅሽ የምትሰጥሽ ኑንግዊ ሆቴል አንሶላ የምታጥብ ደንበኛዬ ናት። የጻፍኩትን አታውቅም፣ አትጠይቂያት።

ተዪው አልልሽም። እኔንም ሃያ ዓመት ሙሉ ደግ ሆኖ ይዞኛል፤ አንቺንም ይይዝሽ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ሲይዝ ጥሩ ሰው ነው። መልስ ብትጽፊልኝም ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጅ ካለሽም ያሳድግልሽ፣ ከሌለሽም በሰላም ይስጥሽ። አላህ ያርቀውና አንድ ቀን አንድ ነገር በገላሽ ላይ ብታገኚ ግን ለእሱ ከመንገርሽ በፊት ለእኔ ደውዪልኝ። ቁጥሬ ከወረቀቱ ጀርባ ነው። ሐኪሙን አውቀዋለሁ፣ ተራ መያዙንም አውቃለሁ፣ አብሬሽ እሻገራለሁ። ወደ ዳሬሰላም ጀልባ በቀን አራት ጊዜ አለ።

ጣውንትሽ