ጌጥ ስለተባለው የመጋዝ ክዳን

ለተከበሩ የገቢና የበጀት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ እንደምን አሉ? እኔ በእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠራ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ያጣ ሰው ሚስትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ለቤታችን ስላደረጉት ሁሉ በአካል ቀርቤ እንዳመሰግን ዘበኞችዎ ስላላስገቡኝ፣ ምስጋናዬን አገር እያነበበው በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀረጡ አመሰግናለሁ። ባሌ ይሠራበት የነበረው ክብ መጋዝ፣ ጩኸቷ ቀኑን ሙሉ ስለማያባራ ሠራተኞቹ «አማቲቱ» የሚሏት፣ የማምረቻ መሣሪያ ናት ተብላ ያለ ቀረጥ ገብታለች። ጥርሷን የሚሸፍነው የብረት ክዳን ግን በመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ «ተጨማሪ ዕቃ» ተብሎ፣ ከሳሎን መብራትና ከመስታወት ፍሬም ጋር በአንድ ረድፍ ተመድቦ፣ የጌጥ ቀረጥ ተጥሎበታል። አሠሪው ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ነውና ማሽኗን አስመጥቶ ጌጧን ተወው። ባሌ ስለ ክዳኑ በጠየቀው ቁጥር «በሚቀጥለው በጀት ይሻሻላል ተብሏል፤ እስከዚያው ጠንቀቅ በል» ይለው ነበር። ባሌም ጠንቀቅ አለ። እርስዎም በጀቱን አወጁ፤ ቀረጡ ግን እንዳለ ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን ሳንቃ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ሚስማር ከአማቲቱ ጥርስ ጋር ተጋጨ። ሳንቃው ተፈናጥሮ የባሌን ደረት ሲመታው እጁ ወደ ጥርሷ ተስቦ ገባ፤ አራቱ ጣቶቹም ተቆርጠው ተበተኑ፤ ደሙ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን አምፖል ሳይቀር ቀይ አድርጎት እንደነበር ጓደኞቹ ነግረውኛል። እነሱ ተንበርክከው ሰጋቱራውን ሲበረብሩ ሦስቱን አገኙ፤ ሐኪሙ ግን መልሶ ሊሰፋቸው አልቻለም። አራተኛዋ ሳትገኝ ሰጋቱራው ተጭኖ በደረሰኝ ተሸጧል። ስለዚህች ጣት እንኳ ክቡርነትዎ አይጨነቁ፤ ግብሯ ተከፍሏል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። ቀድሞ መሰንጠቂያ ቤቶችን እየዞረ ክዳን የሌለውን ማሽን የሚያሽግ አንድ ተቆጣጣሪ ነበረ፤ ሻይ እንኳ ሲጋብዙት የሚቆጣ ነጭናጫ ሰው። የሥራ መደቡን ሰረዙት። አሁን ማሽን የሚያሽግ የለም፤ ግብር ያልከፈለን ሰው ቤት የሚያሽጉት ግን አራት ሆነው ይመጣሉ።

ሦስተኛውን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። አሠሪው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ለባሌ የጉዳት ካሳ ሲከፍለው፣ መሥሪያ ቤትዎ ካሳውን «ተጨማሪ ገቢ» ብሎ መዘገበና ግብር ጣለበት፤ ገቢያችን ከፍ ብሏል ብሎም ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ድጎማ አስወጣቸው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛዎ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «የኔ እህት፣ ዘንድሮ እኮ ከሁሉም ዓመት የተሻለ ገቢ ነው ያላችሁ» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ በመስኮቱ ቀዳዳ እጄን ሰድጄ፣ ከረባቱን ጨብጬ፣ ግንባሩን ከመስኮቱ ብረት ጋር ላጋጨው ነበር። ያዳነችው ትልቋ ልጄ ናት፤ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ብቻውን ነው ያለው» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ ባሌ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት፣ ጣቶቹን ያጣ እጁን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጭ፣ ጠባሳው ተከፍቶ ደሙ ይወርድ ነበር። እጁን ያዝኩት፤ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ደም እስከ ዛሬ አልጠረግሁትም፤ ገምጋሚዎችዎ መጥተው ካዩትና ጌጥ ነው ካሉ ቀረጡን ይንገሩኝ።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ከካሳው የወሰዱትን ወስደዋል፤ ያቺን የብረት ክዳን ግን ከጌጦች ረድፍ አውጡልን። ለባሌ ብዬ አይደለም፤ ለእሱ አልፏል። ገና የቀረብንን ግብር የምንከፍልበት ስለሌለን፣ አሠሪው አዝኖልኝ የባሌን ቦታ ሰጥቶኛል፤ ከሰኞ ጀምሮ አማቲቱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ልጆቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ ምግብ ሳቀርብላቸው ሳህኑን ትተው እጄን ያያሉ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ አካል እየተመኘሁ፣ ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ ባልጎደሉት አሥር ጣቶቼ በታላቅ አክብሮት ፈርሜያለሁ።

የአማቲቱ አዲስ ሠራተኛ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በመጪው ሳምንት መሰንጠቂያውን እንደሚጎበኙ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አሠሪው ወለሉን እያሳጠበ ነው። ባሌ በር ላይ ቆሞ ይቀበልዎታል፤ ቀኝ እጁን ሲዘረጋልዎ የሚጨብጡትን ፈልገው ያግኙ። ወደ አማቲቱ ሲጠጉ ግን ከረባትዎን ያውልቁ ብዬ አልመክርዎትም። እሷ የኃላፊን ከረባት ከሠራተኛ እጅጌ አትለይም፤ እኔም ማጥፊያዋን ገና አልለመድኩትም።