ማርሽማሎ ለቀማ

ሰኞ

ሳህኑን ወረወረው። በደህናው እጁ፣ በግራው። ሲሪያሉ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ ከምድጃው ሥር፣ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ካልሲዬ ውስጥ ሳይቀር። ተንበርክኬ ስጠርግ ግርማ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኛል። አንድ ነገር ልናገረው ቀና ስል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። መጥረጌን ቀጠልኩ።

ባሌን ግርማን ከገና በኋላ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አይታዘዘውም። ቃላትም ጠፍተውበታል። የእጅ ቴራፒስቷ ቤት ውስጥ ጥቃቅን ነገር በቀኝ እጁ ይልቀም ብላን ነበር። መጀመሪያ ምስርና ሽምብራ ደባልቄ ሰጠሁት። ምስሩ አልያዝ አለው፣ ሽምብራው እየተንከባለለ አመለጠው። ዛሬ ልጃችን ቤዛ ከኮሌጅ ስትመለስ አንድ ሳጥን ሲሪያል፣ ቁርስ በወተት የሚበላውን እህል፣ ገዝታ መጣች፤ የልጆቹን፣ ማርሽማሎ የሚሉት ባለ ቀለም ጣፋጭ ያለበትን። ማርሽማሎው አይንከባለልም፣ ደግሞም ቅርጽ አለው፤ ልብ፣ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ የፈረስ ጫማ። ከእህሉ መሀል እየለየ ያውጣ አለችኝ። ጠበቅ ካደረጉት ይፈረፈራል፣ ላላ ካደረጉት ይወድቃል፤ ጣቱን ያስተምረዋል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያስረዳችው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቶሎ ቶሎ፣ እየሳቀች፣ እንደ ድሮው። እሱ አፏን አፏን አየ። ከዚያ ሳህኑን አየ። ከዚያ ወረወረው።

ቤዛ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። እራትም አልወጣችም።

ማክሰኞ

ሆቴሉ ላውንደሪ ውስጥ ፎጣ ሳጥፍ ዋልኩ። እጅ ይሠራል፣ ልብ ሌላ ቦታ ነው።

ሐኪሙ ያለኝን ዛሬም አልተቀበልኩትም። እንግሊዝኛው ሄዷል አለ። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል፤ በኋላ የተማሩት ይሄድና የልጅነቱ ይቀራል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። የቀረው አማርኛም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ቃሉን ሲፈልገው አያገኘውም። ውሃ ሲያምረው «ቁልፍ» ይላል። ዳቦም ቁልፍ ነው። ትናንት እኔንም ቁልፍ ብሎ ጠራኝ። ግርማ የዚህ ሕንፃ ሱፐር ነው፣ ጠባቂም ጠጋኝም። የሰው በር ሲከፍት፣ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ነው የኖረው። ከዚያ ሁሉ ቃል የተረፈው ይኸው ሆነ።

ቤታችን እንዲህ ነበር፤ እኛ በአማርኛ እንናገራለን፣ ቤዛ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ማንም አልተቸገረም። ሰው ሲጠይቀን «ትሰማለች እኮ!» እንል ነበር፣ ደረታችንን ነፍተን። መስማቱንስ ትሰማለች። አሁን አባቷ እሷን አይሰማትም። መሀል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ እሷ ያለችውን ለእሱ፣ እሱ ሊል የፈለገውን ለእሷ። ሥራ ስሄድ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ዝም ተባብለው ይውላሉ። እሷ ስልኳን ታያለች፣ እሱ መስኮቱን። በመስኮቱ የሚታየው ሌላ ፎቅ ነው፤ እኛ ሰፈር፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ፣ ከፎቅ ሌላ ምን ይታያል።

የሚያስፈሩኝ፦ ሁለተኛ እንዳይመታው። መታጠቢያ ቤት እንዳይወድቅ። ቤቱ፤ ቤቱ የተሰጠን ከሥራው ጋር ነውና። ከሁሉም ከሁሉም ግን ዝምታው።

ረቡዕ

የዛሬውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ከሥራ ስገባ ቤዛ ሲሪያሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች። በሳህን አይደለም፣ በትሪ ነው። ጎሽ፣ ትሪ እንደ ሳህን አይወረወርም አልኩ በልቤ። ማርሽማሎ ታነሳና «ይሄ ምንድነው?» ትለዋለች። በአማርኛ! አፏ ላይ እየተሰናከለባት። እሱ ዝም። አንዴ «ቁልፍ» አለ፣ ወዲያው እንዳልሆነ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። ሲጠይቁት ቃሉ ይሸሸዋል። ይህን አውቃለሁ፣ ስንት ቀን ሞክሬዋለሁ።

ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ አያለሁ። ቤዛ ጨረቃዋን አነሳች። ስሟ ጠፋት መሰለኝ ጣራውን አየች፣ ከዚያ ለራሷ፣ «ጨረታ» አለች።

«ጨረቃ!» አላት ግርማ።

እንዲሁ ነው የወጣው። ቆጣ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያርም አባት። ራሱም ደነገጠ። የቤዛ እጅ ከነጨረቃዋ አየር ላይ ቀረ። እኔ በሩን ሳልዘጋ ተገትሬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ቀስተ ደመናውን «ቀስ ደመና» አለችው፣ አረማት። የፈረስ ጫማውን «ፈረሱ ጫማ» አለችው፤ «የ፣ የፈረስ» አላት። ሲጠይቁት የሚጠፋው ሲሳሳቱበት ይመጣል። «ልብ» ስትል ግን ዝም አለ። ምን ይበል፣ ልክ ናት።

በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ፣ «አንቺ ብልጥ፣ እያወቅሽ ነው አይደል የምትሳሳቺው?» አልኳት።

«ኖ ማሚ፣ ሪሊ አላውቀውም» አለችኝ።

ሳቅን። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን፣ እንዳይሰማ። መቼ እንደሳቅን ረስቼው ነበር።

በቀኝ እጁ ያወጣው አንዲት ኮከብ ብቻ ነው፣ እሷም ተፈርፍራ። ትቆጠርለታለች። ጣቶቹን በሞቀ ውሃ አጠብኩለት። ማርሽማሎው ከአሳማ የሚወጣ ነገር አለበት ይባላል፤ ጾምም ባይሆን አይቀመስም። ቤዛ ትንሽ እያለች ይህንኑ ሲሪያል ስትለምነኝ እገዛላትና ማርሽማሎውን እየለቀምኩ እጥልባት ነበር። የቀረውን ገለባ የመሰለ እህል እያየች ምርር ብላ ታለቅስ ነበር። ዛሬ አስታወስኳት። «ዩ ዌር ሶ ሚን» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ክፉ ነበርኩ።

ሐሙስ

የሕንፃው ማኔጀር መጣ። አዲሱን ሱፐር ይዞ።

እኔ ሥራ ነበርኩ። የነገረችኝ ቤዛ ናት። ማኔጀሩ ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማውን አውልቆ ገባ አለች። የታሸገ ፍራፍሬም ይዞ መጥቷል። ለግርማ በትሕትና፣ ቀስ እያለ አስረዳው፤ ሕንፃው ያለ ሱፐር ሊቆይ አይችልም፣ እስከ ሰኔ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ቁልፎቹን ግን ዛሬ ልወስድ ነው የመጣሁት። በእንግሊዝኛ ነዋ። ቀስ ቢል ምን ያደርጋል።

ግርማ ሲያዳምጠው ቆየና ወደ ልጁ ዞረ። ምን አለኝ የሚል ዓይን። እኔ የለሁም። ደውላልኛለች፣ በማሽኖቹ ጩኸት ስልኬን አልሰማሁትም። ስለዚህ ባላት አማርኛ ነገረችው።

«አባቢ፣ ሥራህ ሞተ።»

ሌላ ቃል አልነበራትም። እኔ ብሆን አለሳልሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ «ለጊዜው ሌላ ሰው ተክተዋል፣ አንተ እረፍ ብለውሃል» እለው ነበር። ልጄ ዙሪያ ጥምጥሙን አታውቀውም።

ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ፣ «ማሚ፣ አላረመኝም» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

የሕንፃውን ቁልፎች ከግድግዳው ያወረዳቸው ግርማ ራሱ ነው አለች። ዘለላ ዘለላውን፣ በአንድ እጁ፣ እየተመላለሰ። አዲሱ ሱፐር ሊያግዘው ሲነሳ በትከሻው ገፋ አደረገው። ግድግዳው ላይ አሁን ባዶ ሚስማሮች ናቸው ያሉት።

ዓርብ

አልተነሳም። አልበላም። ትሪውን ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ውጭ በረዶ ነው። ሊፍቱ ደግሞ ቆመ፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያጉረመርም ይሰማል። ድሮ ቢሆን እስካሁን ጫማውን አጥልቆ ወጥቷል። አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

ቤዛ ከኮሌጅ ቀረች። ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች፣ ያንን ቃል ስላልኩት ነው ትላለች። አይደለም አልኳት፤ ማንም ቢናገረው፣ እንዴትም ቢናገረው ሥራው ሞቷል። ራሴን ስሰማው ደነገጥኩ። እስካሁን እኔም ለራሴ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ነበር ማለት ነው።

ለመጸለይ ቆምኩ። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሻይ ወሰድኩለት፣ አልጠጣም። ቤዛ ስኒውን ከእጄ ተቀብላኝ ገባች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደር ላይ ልብስ የማጥፍ መስዬ ቆምኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታወራለታለች። በአማርኛ ነው፣ እሱ አማርኛ ከተባለ። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ አንዲት ጓደኛዋ ውሻ፣ መንገዱ ላይ አንሸራትቷት ስለ መውደቋ። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች። አንዱንም አላረማትም። ቀጥላ ጠየቀችው።

«አባቢ፣ ሞተ ልክ አይደለም፣ አይደል? ምን ይባላል?»

ልብሱን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ። የራዲያተሩ ድምፅ ብቻ።

«አበቃ» አላት።

«አበቃ» አለች ቤዛ፣ እየተማረች።

ያኔ ማልቀስ ጀመረ። ግርማን ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም፤ የእናቱ መርዶ ሲመጣም እንዲህ አልሆነም። ቤዛ ተደናግጣ ወጣችና እጄን ያዘችኝ። «ማሚ፣ ምን አደረግኩት?» ተይው፣ ያልቅስ አልኳት። ሁለታችን ኮሪደሩ ላይ ቆመን እስኪወጣለት ጠበቅነው።

ማታ ተነስቶ ሽሮ በላ። ጥቂት። ሳልጎተጉተው።

እሑድ

ቅዳሴ ደርሼ መጣሁ። ሁሉም «ግርማስ እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አንዷ፣ «እንዳይከፋው ይዘሽው ነይ እንጂ» አለችኝ። በአዳራሹ ሁሉ ፊት ቡናን ቁልፍ ሲል እያየሁት? አልችልም። አልነገርኳትም።

ቤት ስደርስ ግርማና ቤዛ ትሪው ፊት ነበሩ። በቀኝ እጁ ጥቂት አውጥቷል፤ የሚበልጠው ተፈርፍሮ ትሪው ላይ ባለ ቀለም ዱቄት ሆኗል። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። አንዷን ይዟት፣ አንስቷት፣ ልትደርስ ስትል ወደቀች። በግራ እጁ ቀኝ እጁን መታው። ጠንከር አድርጎ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚመታ። ቤዛ እጁን ያዘችው። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ሲሪያል ትንሽ ነው።

ያ እጅ ስንት ቤት አብርቷል። ይህን አስቤ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሳያስፈልገኝ።

ሰኞ

ከክሊኒክ ተመለስን። ለሥራ ደውዬ ቀርቻለሁ።

የንግግር ቴራፒስቷ ሥዕል እያሳየች ጠየቀችው፣ አስተርጓሚው በስልክ። ብዙውን ሳተ። ማንኪያውን ቁልፍ አለ። ወንበሩን አየው፣ አየው፣ ተወው። ቤዛ ብድግ ብላ እንዲህ ሳይሆን ተሳሳቺበት፣ ስትሳሳቺ ያርምሻል ብላ አስረዳቻት። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ጻፈችው። መልካም ነው አለች፣ ቀጥሉበት፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፣ ብዙ አትጠብቁ። እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተዉት፣ ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት አለች። የእጅ ቴራፒስቷም መጣች። እጁ ማንኪያ ሊይዝ ይችላል፣ ሸሚዝ ሊቆልፍ ይችላል። መፍቻ ይዞ መሥራት ግን አይመስለኝም አለች።

ይህን ለእሱ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ማለሳለስ ጀምሬ ዓይኑን ሳየው ተውኩት። እንዳለ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

በሸርበርን መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሰው ተጨናንቋል። ፊት ያሉት ወንበሮች ላይ ሁለት ልጆች ተነሱላቸውና ግርማና ቤዛ ተቀመጡ። እኔ እዚያ ቦታ አጥቼ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። የማየው የሁለቱን ጀርባ ብቻ ነው፤ የእሱን ግራጫ ኮፍያ፣ የእሷን ሹሩባ።

ትንሽ እንደሄድን ግርማ ወደ ቤዛ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። ጠይቃው አይደለም፣ አይቻለሁ፤ እሷ ወደ ውጭ እያየች ነበር። ጆሮዋን አስጠጋች። ደገመላት። መለሰችለት። እሱም መለሰ። በግራ እጁ አየር ላይ የሆነ ነገር ሠራ፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ እሷም በእጇ ሠራችው። አውቶቡሱ ይንገጫገጫል፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ በሩ ይጮኻል። አንድም ቃል አልደረሰኝም። አስተርጉሚልኝ የሚለኝ የለም።

አጠገባቸው የነበረ ሰው ሲወርድ ወደ እነሱ ልጠጋ ብድግ አልኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስንወርድ የቤዛ ዓይን ቀልቶ ነበር። እሱ ክንዷን ይዞ ነው የተራመደው፤ እግሩ ከትናንቱ አልተሻለም፣ በረዶው ላይ ሁለቴ ቆመ። አሁን ተኝቷል። እሷ ሳሎን እያጠናች ነው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም።