በአባባ ሰዓት

ጥቅምት 3
ከበረራ ገባሁ። እማዬ ጋ ምሳ ስበላ ማንኪያ እንደያዝኩ አሸለብኩ። "ይሄ ሥራ ጨረሰሽ" አለች። እውነቷን ነው። ስተኛ እንቅልፍ የለም፣ ስሠራ ያንገላጀኛል። ከሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ሜላቶኒን አዘዘልኝ። "ለሰውነትሽ 'መሽቷል' ብሎ የሚነግር ኪኒን ነው። በመኝታ ሰዓት ዋጪው።" ቀላል።

ጥቅምት 6
ሆቴል ነኝ። የአባባን ሰዓት አውልቄ ትራሱ አጠገብ አኖርኩ። እሱም እንደኔ የበረራ አስተናጋጅ ነበር። የትም ይሂድ የት፣ ሰዓቱን ከቤት ሰዓት ነቅንቆት አያውቅም። "ልጄ መቼ እንደምትተኛ ካላወቅሁ ምኑን አባት ሆንኩ?" ይል ነበር። ደውሎ "አሁን ጥርስሽን እየፋቅሽ ነው፣ አይደል?" ሲለኝ... ሁሌ ልክ! አስማተኛ ይመስለኝ ነበር። እንዴት ናፈቀኝ። ከሞተ ወዲህ እኔ አስሬዋለሁ፣ እኔም አልነካሁትም።
ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ይላል። ኪኒኑን ዋጥኩ። መጋረጃው ላይ ገና ፀሐይ አለ። ምን አገባኝ...

ጥቅምት 8
ጉድ ሆንኩ። ከሆቴል ወደ አውሮፕላኑ የሚወስደን የሠራተኛው አውቶቡስ እንደተኛሁ ጥሎኝ ሄደ። ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢደበደብ፣ ማን ይስማ! በሌላ በረራ እንደ ዕቃ ተጭኜ መጣሁ። አለቃዬ ኮስታራዋ ቃል አላበዛችም። "ከደገምሽው መሬት ትቀሪያለሽ።" መሬት? ከመብረር ሌላ ምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 9
ሐኪሙ ጋ።
"መቼ ዋጥሽው?"
"በመኝታ ሰዓት።"
"በማን መኝታ?"
"በ... በአባቴ።"
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ሰው ፊት! "ባረፍሽበት ከተማ ሲመሽ ነው የሚዋጠው" አለኝ ቀስ ብሎ። "በቤት ሰዓት ከዋጥሽው ሰውነትሽ ከቤት አይወጣም።" እኔስ መቼ ወጣሁ?

ጥቅምት 11
ሰዓቱን ለእማዬ ሰጠኋት፣ እየፈራሁ። በቀሚሷ ጠረገችው። ትቆጣለች ስል፣ "ነገ የምትሄጂበት አገር አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አለች። ስነግራት መሙያውን ስባ አዞረችው። አባባ ያልነካውን! ደነገጥኩ።
"ሞኟ፣ እሱ የቤቱን ሰዓት ያይ የነበረው እኛ ቤት ስለነበርን ነው" ብላ እጇ ላይ አሰረችው።

ጥቅምት 13
ሆቴል። እዚህ መሸ። እጄ ባዶ ሆኖ ቀለለኝ፣ ትንሽም ከፋኝ። ስልኩ ጮኸ። እማዬ ናት... ቤት ገና ሊነጋ ነው፣ ተነስታ ነው የደወለችው።
"ኪኒንሽን ዋጥሽ? አሁን ጥርስሽን እየፋቅሽ ነው፣ አይደል?"
በአረፋው መሃል ሳቅኩ። ብሩሹ አፌ ውስጥ ነበር።